ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ

ፊደል አንድ በአንድ በእጅ እየተለቀመ መጽሐፍ በሚታተምበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ አሮጌ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ፊደል የሚያጥብ ሰው ነበር። ሥራው ይህ ነው፤ ከላይ ከማተሚያ መኪናው ክፍል ቀለም የጠጡ የእርሳስ ፊደሎች በሣጥን ይወርዱለታል። እሱ በነጭ ጋዝ ይነክራቸዋል፣ በብሩሽ ይፈትጋቸዋል፣ በጨርቅ ያደርቃቸዋል። ፊታቸው የተበላውንና ጠርዛቸው የተሸረፈውን ለይቶ ደግሞ በብረት ድስት ያቀልጣቸዋል። ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ አሥራ አራት ነው። ከጣሪያው ሥር ጠባብ መስኮት ነበረች፤ በእሷ የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ሰውየው ከዕድሜ ብዛት የሰፈሩን ሰው በጫማው ለይቶ ያውቅ ነበር።

እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ከእህቱ በቀር የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል፤ ሲቸኩሉ «ሰረዝ»። ምላሱ ይያዝ ነበርና አንዲት ቃል ከአፉ እስክትወጣ ድረስ አንገቱ ይገታተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ የሰሚው ትዕግሥት ያልቃል። ስሙን ያወጣለት የፊደል ለቃሚዎቹ አለቃ ነበር። «ይሄ ሰውዬ በየቃሉ ነጠላ ሰረዝ እያደረገ ነው እኮ የሚያወራው!» አለ አንድ ቀን፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። አለቃው ራሱም ቢሆን ከጀርባው የሚጠራበት ስም ነበረው። «አራት ነጥብ» ይሉታል። እሱ ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለማ!

ሰረዝ ግን ሲፈጠር ጀምሮ ምድር ቤት አልነበረም። በወጣትነቱ ፎቁ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ክፍል፣ ከዘጠኙ ለቃሚዎች አንዱ ነበር፤ እንዲያውም ፈጣኑ እሱ ነው። የለቃሚ ሣጥን እንደ ቀፎ ነው፤ ከሁለት መቶ በላይ ጉድጓድ አለው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቤት። ጥሩ ለቃሚ ዓይኑን ከጽሑፉ ሳያነሣ እጁ ብቻ ቤት ለቤት እየዞረ ፊደሎቹን ያመጣል፣ በብረት መደርደሪያው ላይ ይሰድራቸዋል። ፊደሉ የተቀረጸው ተገልብጦ ነውና፣ የተሰደረውን መስመር ቀጥ አድርጎ የሚያነብ ለቃሚ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው የጉንዳን ሰልፍ ነው። ሰረዝ በአፉ የጎደለው ሁሉ በጣቱ ተክሶለት ነበር። ሌላው ሦስት መስመር ሲሰድር እሱ አምስት ይሰድራል። ሥራው ሲያልቅም ፊደሎቹን ወደየቤታቸው ሲመልስ ዝናብ የሚዘንብ ይመስል ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

አንድ ዓመት ለቤተ ክርስቲያን የምትታደል ትንሽ መጽሐፍ ደረሰችው፤ የጌታን ሕማም የምትተርክ ናት። ያንን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ሰምቶታል፤ ፊደል በፊደል በጣቱ ሲዳስሰው ግን ሌላ ሆነበት። ያስደነቀው ሚስማሩ አልነበረም። አላፊ አግዳሚው ራሱን እየነቀነቀ የሚስቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። «እየሳቁበት ምሕረት ለመነላቸው» የሚለውን ከሰደረ በኋላ መስመሩን ይዞ ብዙ ቆየ። ማታ ለእህቱ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? «እትዬ፣ አ-አፉ ደርቆ፣ ያ ሁሉ ሰው አ-አፉን እያየው፣ ያንን ቃል እ-እንዴት አወጣው?»

እህቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ የሰረዝን ዓረፍተ ነገር ከአፉ እየነጠቀ ሲጨርስለት፣ እሷ ብቻ የስፌት መኪናዋን እግር አቁማ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እስኪጨርስ ትጠብቀው ነበር። ያን ዕለትም ጠብቃ ከሰማችው በኋላ፣ «እኔ ምኑን አውቄው? አንተ ስታገኘው ንገረኝ» አለችው።

አሁን ወደዚያ መጥፎ ቀን እንመጣለን።

በማተሚያ ቤቱ አንድ ልማድ ነበር። እያንዳንዱ ለቃሚ የሠራው ቅጽ ግርጌ ላይ ቁጥሩን በትንሹ ያኖራል፤ ስሕተት ቢገኝ እርማቱ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ነው። የሰረዝ ቁጥር ሰባት ነበር። ሌላም ልማድ ነበር። በየግድግዳው ለሚለጠፈው የኀዘን ማስታወቂያ አንድ የተዘጋጀ ቅጽ ሁልጊዜ እንደ ቆመ ይኖራል፤ ሞት ቀጠሮ አይሰጥምና፣ የሟቹና የሐዘንተኛው ስም ብቻ እየተቀየረ ይታተማል። ያንን ቅጽ ከዓመታት በፊት የሠራው ሰረዝ ነው፤ ከግርጌውም ሰባት ቁጥር ነበረች።

በምሳ ሰዓት ነው። ሰረዝም ሌሎቹ ለቃሚዎችም ወጥተዋል። አንድ ነጋዴ ወንድሙ ሞቶበት፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ማስታወቂያውን ቆሜ ካልተቀበልኩ ብሎ በር ላይ ተገትሯል። አለቃው ራሱ ስሞቹን ለቀመ። ቸኩሎ የሟቹን ስም በሐዘንተኛው ቦታ፣ የሐዘንተኛውን ስም በሟቹ ቦታ ከተተ፤ ለእርማት የሚነበብ አንድ ወረቀት እንኳ ሳያወጣም ወደ መኪናው ሰደደው። ሁለት መቶ ወረቀት ታትሞ ወጣ። ነጋዴው በእንባ ዓይኑ ሳያነበው ለለጣፊዎቹ ሰጠ፤ እነሱም በየግድግዳው ለጠፉት። የእነዚያ ወንድማማቾች እናት ከቤቷ ደረጃ ላይ ሆና፣ ገና ታላቁን ሳትቀብር፣ የታናሹን ስም በጥቁር ፍሬም ውስጥ አየችው። «እሱም?» ብቻ ነው ያለችው። ከደረጃው ወደቀች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ጨብጦ፣ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ ገባ። «ሰባት ቁጥር ማነው?»

ሰረዝ ተነሣ። ሊል የፈለገው አጭር ነበር፤ «እኔ እነዚያን ስሞች አልለቀምኩም፤ ምሳ ላይ ነበርኩ።» አንገቱ ተገተረ፤ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እ-እ-እ…»

ጠራዡ፣ ያ መጽሐፍ የሚጠርዘው ቀልደኛ፣ ከወዲያ ጥግ «ግፋው! ዳገት ነው!» አለ። አንዲት የሞተች ሴት በመሐላቸው እያለች ሳቁ። ሰው እንዲህ ነው።

«እ-እ-እኔ…»

አለቃው ወደ ሰረዝ አላየም። «‹እኔ ነኝ› እያለ ነው፣ ጌታዬ» አለ፤ «ጊዜዎን አይጨርሱ። እኔ ነኝ ብሏል፤ አራት ነጥብ።»

እንዲህ ሆኖ፣ በማግሥቱ ጽፎ ያቀረበው ወረቀትም «አንዴ አምነሃል» ተብሎ ሳይነበብ ተመልሶለት፣ ሰረዝ አሥራ አራቱን ደረጃ ወረደ። በዚያ ወር አለቃው ሚስቱን ቀብሮ ነበር፤ ሦስት ዓመት የሆናት ሴት ልጅ እጁ ላይ ቀርታለች። ከሥራ ቢባረር ልጅቱን ይዞ ወዴት ይገባል? ይህን ሰረዝ ያወቀው ኋላ ነው፤ ማወቁም ምንም አልቀየረለትም። ለሰረዝ ታጭታ የነበረችው ልጅ ቀለበቱን በእህቱ እጅ መለሰች። መንገድ ላይ ሴቶች «ያ ፊደል ለቅሞ እናት የገደለው» እያሉ በአገጫቸው ያመለክቱት ነበር። እህቱም ቢሆን፣ ትወደው የነበረችው እህቱ፣ በየጥቂት ወሩ መኪናዋን ታቆምና ትጠይቀዋለች።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። አልቆጣህም።»

«አ-አላደረግኩም፣ እትዬ።»

«እሺ። ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

እሱ ከወለሉ ላይ የወደቀውን ቁራጭ ጨርቅ ያነሣላታል። እሷም መኪናዋን መልሳ ታንቀሳቅሰዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄደ።

በሃያኛው ዓመት መግቢያ አለቃው እርማት እያነበበ ሳለ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ግማሽ ጎኑ ሞተ፤ ምላሱም ታሰረ። ሐኪሞቹ እንደተናገሩት ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያስተውላል፣ ነገር ግን አፉ አይታዘዘውም። የሥራ ባልደረቦቹ በመጀመሪያው ሳምንት ብርቱካን ይዘው ሄዱ፤ በሁለተኛው ጥቂቶች ሄዱ፤ በሦስተኛው «ከርሞ ይሻለዋል» እያሉ ቀሩ። የሚፈሩት ሰው ሲወድቅ የሚያነሣው አያገኝም።

በአራተኛው ወር ልጁ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣች። የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ስታገናኝ ትውልና ማታ ወደማይናገር አባት ትገባለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ከእናንተ መሐል» አለች ኮቷን ሳታወልቅ፣ «ቀን ቀን ለአንድ ሰዓት እንኳን መጥቶ የሚያገላብጥልኝ ብርቱ ሰው ካለ… ብቻዬን አልቻልኩትም። ጀርባው ቆስሏል።»

ሁሉም ወለሉን አየ። ጠራዡ በልማዱ አፉን ከፈተ። «ሰረዝን ውሰጂው፣ እህቴ! ሁለቱም ተናግረው አይጨርሱም፤ አንድ ቋንቋ ነው የሚያወሩት!»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሰረዝ በጋዝ የራሰ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከደረጃው ራስ ላይ ቆሟል። «እ-እ-እሺ» አለ። «ከነገ ጀ-ጀምሮ።»

ያን ማታ እህቱ መርፌዋን በመርፌ መሰኪያው ላይ ሰካችና ትክ ብላ አየችው። «አብደሃል? ይቅርታ ለጠየቀ ሰው ነው ይቅርታ! እሱ አንድ ቀን እንኳ ዓይንህን ቀና ብሎ አይቶሃል?»

«አ-አላየኝም።»

«ታዲያ?»

«ጀ-ጀርባው ቆስሏል አለች።»

ስለ እውነት እንናገርና፣ መልአክ ሆኖ አልሄደም። የአለቃው ቤት ሁለት ክፍል ነበር፤ በውስጠኛው የብረት አልጋ፣ የተዘጋ መስኮት፣ የቆመ የግድግዳ ሰዓት። አልጋው ላይ ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ እንደ ረጠበ ልብስ ተጥሏል። ሰረዝ ሲገባ አለቃው አየውና ፊቱን ወደ ግድግዳ ሊያዞር ታገለ፤ አንገቱ እምቢ አለው። ሰረዝም ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው! አገላበጠው፣ ቁስሉን አጠበለት፣ ጺሙን ላጨው። አለቃው ግን «ም… ም…» ብሎ ዓይኑን ወደ ውሃው ብርጭቆ ሲወረውር፣ ሰረዝ እያወቀ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ይ-ይናገሩ፣ አለቃ» አለው። «ጊ-ጊዜ አለን።» አለቃው አንገቱ ተገተረ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ያንን ፊት ሰረዝ አወቀው። ከውጭ ሆኖ አይቶት አያውቅም እንጂ የራሱ ፊት ነበር።

ብርጭቆውን ፈጥኖ አነሣለት፤ ከችኮላው የተነሣ ውሃው አለቃው አንገት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ቀን በኋላ እንዲያ አላደረገም።

ልጅቱ አባቷን ትወድደው ነበር፤ ፍቅሯ ግን ይቸኩላል። «ውሃ ነው አባዬ? ትራስ? በረደህ? ልጥራልህ? ማንን?» እያለች ቃል በላዩ ላይ ታዘንብበታለች፤ እሱ ይናደዳል፣ በደህናው እጁ አልጋውን ይመታል፣ እሷ ታለቅሳለች። ሰረዝ ይህን አይቶ አንድ ሐሳብ መጣለት። ምድር ቤቱ ውስጥ ሊቀልጡ የተለዩ ያረጁ ፊደሎች አሉ። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዶ አንድ የተሰበረ የለቃሚ ሣጥን ጠገነ፣ ፊደሎቹን ቤት በቤታቸው አስገብቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ አመጣውና ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋው። በአለቃው ደህና እጅ ሥር የብረት መደርደሪያውን በገመድ ከአልጋው ጠርዝ ጋር አሰረ።

አለቃው ሣጥኑን ሲያይ ደህና እጁን ወደ እሱ ጎተተ። ግራ እጁ ነው፤ አልለመደም። ግን የሣጥኑን ካርታ አርባ ዓመት ያውቀዋል። አራት ፊደል ለመልቀም ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ሰረዝ አልረዳውም፤ አልገመተለትም፤ አላቻኮለውም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀው።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ አየችና ምንም አልገባትም። «ምን ይላል ጋሼ?»

«መ-መስኮት» አለ ሰረዝ።

መስኮቱን ከፈተችው። ነፋስ ገባ፤ ከታች የሰውና የጎማ ድምፅ ገባ። አለቃው ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። አራት ወር ሙሉ ሲለምን የኖረው ይህንን ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ቃል ይለቅም ጀመር። «ሰዓቱ ይሠራ።» «ሾርባው ጨው የለውም።» «አታልቅሺ።» ሰረዝ ያነብላታል፤ እሷም ሰረዝ እስኪጨርስ መጠበቅን ሳትወድ በግድ ተማረች። አንድ ቀን ግን ልጅቱ ሳትኖር አለቃው «ለምን ትመጣለህ» ብሎ ሰደረ። «በመጀመሪያ ቀ-ቀን ወድቀው ላይዎት ነበር የመጣሁት» አለው። «አ-አሁን አላውቅም።» አለቃው ያንን መስመር ራሱ በግራ እጁ አፈረሰው።

ሞት ወደ ቤቱ መቅረቡ በታወቀበት ሳምንት፣ በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰረዝ ሲገባ አለቃው ሥራ ላይ ነበር። ልጅቱ በውጭኛው ክፍል ልብስ ትተኩሳለች። አለቃው ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። የመጨረሻዎቹን ፊደሎች ሰረዝ ራሱ ሲሰደሩ አያቸው። እንዲህ ይላል፤

«ስሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ቁጥር ንጹሕ ነው።»

ሰረዝ የአልጋውን ብረት ያዘ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፉ ውስጥ የቀረው ነገር ይኸው፣ በእርሳስ ተለቅሞ ከፊቱ ቆሟል። በቀለም ቢነካው፣ ወረቀት ቢጫንበት፣ ለእህቱ ወስዶ ጭኗ ላይ የሚያኖርላት ወረቀት ይወጣዋል። ከእንግዲህ «ለምን አልተናገርክም?» የለም።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ። ጠራዡ ነው፤ መድከሙን ሰምቶ ሊሰናበት ብርቱካን ይዞ መጣ። ልጅቱ አስገባችው፤ ሁለቱም ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘለቁ።

«አለቃ! እንዴት ነዎት? አሃ፣ ሥራ አልተዉም!» ጠራዡ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። እሱ ጠራዥ እንጂ ለቃሚ አይደለም፤ የተገለበጠ ፊደል አያነብም። «ዛሬስ ረጅም ነገር ጽፈዋል! ምን ይላል፣ ሰረዝ?»

ልጅቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረበች። «ጋሼ፣ ምን አለ? ለኔ ነው?»

ሰረዝ ወደ አለቃው አየ። አለቃው መስመሩን የሰደረው ለሰረዝ ብቻ ነበር፤ ልጁ ትገባለች ብሎ አላሰበም። ዓይኑ ከልጁ ወደ ሰረዝ፣ ከሰረዝ ወደ ልጁ ይሮጣል። ልመናው አፉ ውስጥ ታስሯል። ሰው ሁሉ አፉን እያየ አንዲት ቃል ማውጣት ያቃተውን ሰው ፍርሃት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሰረዝ በላይ የሚያውቀው ማንም አልነበረም።

«አንብበው እንጂ!» አለ ጠራዡ። ወደ ልጅቱ ዞሮ ጠቀሳት። «ኧረ ተይው፤ ይሄ ካነበበው የፊታችን ዓርብ ነው የምንሰማው! የኔ እመቤት፣ መስታወት የለሽም? የተገለበጠ ፊደል በመስታወት ይነበባል።»

«አለ!» አለች። ከግድግዳው ላይ ልታወርድ ወደ ውጭኛው ክፍል ሮጠች።

ሰረዝ በዓይኑ እስከ በሩ ተከተላት። ይህች ልጅ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስት ዓመቷ ነበር። ያላት አባት ይህ ብቻ ነው፤ እሱም የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። አባቷ ፈሪ መሆኑን፣ እናት መግደሉን፣ በራሱ ኃጢአት ሌላ ሰው መቅበሩን ማወቅ ያለባት ዛሬ፣ በዚህ ፌዘኛ ፊት፣ በግድግዳ መስታወት ነው? ሰረዝ አፉ ደረቀ። ያ በወጣትነቱ የጠየቀው ጥያቄ ትዝ አለው፤ አፉ ደርቆ እንዴት አወጣው? ምናልባት ቃሉን ያወጣው ምላስ አይደለም።

እጁን ሰደደ።

ያን እጅ ማንም ሲሠራ ካየው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከመስመሩ ራስ ጀመረ፤ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል እያነሣ፣ ሳያይ፣ ወደየቤታቸው መለሳቸው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። «እኔ ነኝ» ወደ ቤቱ ገባ። «ሰባት ቁጥር» ወደ ቤቱ ገባ። «ንጹሕ» ወደ ቤቱ ገባ። ጠራዡ «ኧረ! ኧረ! ምን እያደረግክ ነው?» እያለ እጁን እስኪይዘው ድረስ የመጨረሻዋ አራት ነጥብ ብቻ ቀርታ ነበር፤ እሷንም ጣላት።

ልጅቱ መስታወቱን ይዛ ስትመለስ የብረት መደርደሪያው ባዶ ነበር።

«የታለ?»

«የ-የሥራ ነገር ነው» አለ ሰረዝ። «የድሮ የ-የሥራ ነገር።»

«የአባቴ ቃል እኮ ነው! ለምን በተኑት?»

«አየሽው? ምቀኝነት ነው!» አለ ጠራዡ። «እሱ ሳይናገር ሌላው እንዳይናገር!»

አለቃው እያለቀሰ ነበር። ግራ እጁን በብርድ ልብሱ ላይ ጎተተ፣ ጎተተ፣ የሰረዝን እጅጌ ያዘ። ልጅቱ ያንን እንባ በራሷ መንገድ ተረጎመችው። መስታወቱን አልጋው ላይ ጣለችና፣ «እባክዎ ይውጡልኝ፣ ጋሼ» አለች። የአለቃውን ጣቶች ከእጅጌው አንድ በአንድ ያላቀቀቻቸው እሷ ናት።

አለቃው ሐሙስ ሞተ። ሰረዝ ቀብሩ ላይ ከኋላ፣ ከቆፋሪዎቹ ጎን ቆመ። ልጅቱ የሰውን ሁሉ እጅ ጨበጠች፤ እሱ ጋ ስትደርስ እጇን ወደ ኮቷ ኪስ ከተተች። «የመጨረሻ ቃሉን አልነገርከኝም» አለችው ቀስ ብላ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብላ ጠራችው። «እስክሞት አልረሳልህም።» እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለላት። ቃል ሊያወጣ ቢሞክርም አትጠብቀውም ነበር።

እቤት ሲገባ እህቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ ነበር። የቀብሩን ወሬ ከእሱ በፊት ሰምታለች።

«ምን ነበር የጻፈው?»

ሰረዝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ ፈጀበት። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«‹እ-እ-እኔ ነኝ› አለ። ‹ስ-ስሙን የቀየርኩት።›»

«በእግዚአብሔር!» ብድግ አለች። «ታዲያ የታለ? ማን አየው? አሳየኝ!»

«መ-መለስኩት። ፊደሉን ወደ ሣ-ሣጥኑ።»

«መለስኩት?!» እህቱ ግድግዳውን ተደገፈች። አርጅታ ነበር፤ ሰረዝ ያን ዕለት ነው ያስተዋለው። «የራስህን እውነት በገዛ እጅህ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ? አሁን ሰውየው ከሞተ በኋላ ‹አምኗል› ብትል ማን ያምንሃል?»

«ማ-ማንም።»

«እኔስ ብሆን?» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «እኔስ እንዴት ልመንህ?»

የጀመረችውን ቀሚስ አንሥታ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባ አላት። ሰረዝ ከእጇ ተቀብሎ ክሩን አስገባላት። ያን ቀሚስ ስትሰፋ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ ያመነችውም ያላመነችውም ፊቷ ላይ አይነበብም ነበር።

በማግሥቱ ያረጀው የፊደል ሣጥን ከአለቃው ቤት በጋሪ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ፊደሉ እንዲቀልጥ አዘዘ። ሰረዝ ድስቱን እሳት ላይ ጣደ። ከመገልበጡ በፊት የ«ሰባት»ን «ሰ»፣ የ«ንጹሕ»ን «ን» ሊፈልግ እጁን ወደየጉድጓዱ ሰደደ፤ ግን በየቤቱ ሃያ ሠላሳ ወንድማማች ፊደል አለ፤ የትኛው የዚያ መስመር እንደነበር እሱም ቢሆን ሊለየው አልቻለም። ሣጥኑን አነሣና ሁሉንም ገለበጠው። ፊደሎቹ ጥቂት ቆመው ቆዩ፤ ከዚያ ጠርዛቸው ለሰለሰ፣ ተደጋገፉ፣ አንድ የሚያበራ ውሃ ሆኑ።

ከላይ፣ ከደረጃው ራስ፣ የጠራዡ ድምፅ መጣ። «ሰረዝ! ያ የአለቃ ሣጥን ቀለጠ፣ ወይስ ገና ፊደል እየቆጠርክ ነው?»

በመስኮቷ በኩል የሴት ጫማ አለፈ፤ ጥቁር፣ ተረከዙ ያለቀ፣ የስልክ ቤቱን መንገድ የያዘ። ሰረዝ ከዓይኑ እስኪጠፋ ተከተለው።

«ቀ-ቀልጧል» አለ።